«ሳይንስ ነው» ሲባል፦ የልዩ አዋቂ ምስክርነት በፍርድ ቤት በር ላይ

መግቢያ

«ምስክር "ሰማሁ" ሲል አንቀበለውም፤ "ይመስለኛል" ሲልም በመርህ ደረጃ አንቀበለውም። ያየውን ብቻ ይናገር እንላለን። ታዲያ ልዩ አዋቂው በቦታው ያልነበረበትን ነገር "ይመስለኛል" እያለ ሲናገር ለምን አፋችንን ከፍተን እናዳምጠዋለን?»

ይህን ጥያቄ ያነሱት የማስረጃ ሕግ መምህራችን ነበሩ። ከኋላ ወንበር አንዱ ጓደኛችን «ሳይንስ ስለሆነ ነዋ!» ብሎ ቶሎ መለሰ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ሳይንስ መሆኑን አንተ በምን አወቅህ?» አሉት። መልስ ሳይገኝ ሰዓቱ አለቀና ወጣን።

ጥያቄው ግን አብሮኝ ወጣ። ይህች ጽሑፍም ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተደረገች ሙከራ ናት። ጉዳዩ በሰፊው ክርክር የተካሄደበት አገር አሜሪካ ስለሆነ፣ በዋናነት የማወራው ስለ አሜሪካ ፍርድ ቤቶች ነው። በመጨረሻ ግን ወደ ራሳችን ሕግ ጎራ እላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተጠቀሰ በስተቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ተቀባይነትና ክብደት

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የማስረጃ ተቀባይነት ነው፤ ማስረጃው ከነጭራሹ ወደ ችሎት ይገባል ወይስ አይገባም? ሁለተኛው የማስረጃ ክብደት ነው፤ ከገባ በኋላ ምን ያህል ይታመናል? የመጀመሪያው የበር ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የሚዛን።

በአሜሪካ እነዚህን ሁለት ሥራዎች የሚሠሩት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነገሩን ያከርረዋል። በሩ ላይ የሚቆመው ዳኛው ነው። ሚዛኑን የሚይዙት ግን ጁሪ የሚባሉት ተራ ዜጎች ናቸው፤ ከመካከላቸው መምህር፣ ሾፌር፣ ገበሬ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሰዎች ፊት አንድ ሰው ካባ መሰል ማዕረጉን ደርቦ ቀርቦ «ይህን ያህል ዓመት ሠርቻለሁ፣ በእኔ አስተያየት ነገሩ እንዲህ ነው» ቢል፣ ማን ደፍሮ ይጠራጠረዋል? ለዚህ ነው በሩ ላይ ማጣሪያ ያስፈለገው። ማጣሪያው ምን ይሁን የሚለው ግን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል።

የፍራይ መስፈርት

ታሪኩ የሚጀምረው በ1923 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። ፍራይ የተባለ ሰው በነፍስ ግድያ ተከሶ ቀረበ። ጠበቆቹ ዊሊያም ማርስተን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይመስክርልን አሉ። ማርስተን የሰውን የደም ግፊት በመለካት ውሸቱን ከእውነቱ እለያለሁ የሚል ሰው ነበር፤ የዛሬው የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ቅድመ አያት ማለት ነው። ተከሳሹን መርምሮም «እውነቱን ነው» ብሏል። ዳኛው አልቀበልም አሉ፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በዚሁ ጸና።

የይግባኙ ውሳኔ በጣም አጭር ናት። ፍሬ ነገሯም፣ አንድ ሳይንሳዊ ዘዴ በፍርድ ቤት ተቀባይነት እንዲያገኝ በሚመለከተው የሙያ ዘርፍ ውስጥ አጠቃላይ ተቀባይነት ያገኘ መሆን አለበት የሚል ነው። ባጭሩ ዳኛው ራሱ ሳይንሱን አይመረምርም፤ «ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይቀበሉታል ወይ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

ላይ ላዩን ሲታይ ጥሩ መስፈርት ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ምን ይጎድለዋል ብዬ ነበር። ግን እስቲ አስቡት፤ «የሚመለከተው የሙያ ዘርፍ» የሚባለው ማን ነው? ድሮ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል አሠራር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ልጁ ሮጦ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ ዘዴ በሌባ ሻዮቹ ዘንድ አጠቃላይ ተቀባይነት ነበረው እኮ! ዘዴውን የሚገመግሙት በዘዴው የሚተዳደሩት ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ የፍራይ በር ለሌባ ሻይም ይከፈታል። በሌላ በኩል ደግሞ አዲስና ትክክለኛ የሆነ ግኝት ገና ብዙ ሰው ስላላወቀው ብቻ ውጭ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ መስፈርቱ በሁለቱም በኩል ያፈሳል ማለት ነው።

የዳውበርት ውሳኔ

ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን እንደገና አየው። ከሳሾቹ እጅና እግራቸው ላይ የአካል ጉድለት ይዘው የተወለዱ ሁለት ልጆችና ወላጆቻቸው ነበሩ። እናቶቹ በእርግዝና ወቅት ለማቅለሽለሽ ቤንዴክቲን የተባለ መድኃኒት ወስደዋል። ተከሳሹ መድኃኒቱን የሚሠራው ሜሬል ዳው የተባለው ኩባንያ ነው።

ኩባንያው ያቀረበው ባለሙያ ከ130,000 በላይ ሰዎችን የሸፈኑ ከ30 በላይ የታተሙ ጥናቶችን ማየቱን፣ አንዳቸውም መድኃኒቱ በፅንስ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ አለማሳየታቸውን ገለጸ። ከሳሾች ደግሞ ስምንት ባለሙያዎች አቀረቡ። እነሱም በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን፣ የመድኃኒቱን ኬሚካዊ አወቃቀርና የቀድሞዎቹን ጥናቶች እንደገና በማስላት የተገኘ ውጤትን መሠረት አድርገው «ጉዳት ያደርሳል» አሉ። የሥር ፍርድ ቤቶች፣ ስሌቱ ታትሞ በሙያ አቻዎች ያልተገመገመ ነው፣ አጠቃላይ ተቀባይነት የለውም ብለው ዘጉት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1975 የወጡት የፌዴራል የማስረጃ ደንቦች የፍራይን መስፈርት ተክተውታል አለ። ዳኛ ብላክመን በጻፉት ውሳኔ መሠረት፣ ከእንግዲህ ዳኛው ራሱ በረኛ ነው። ምስክርነቱ ለጉዳዩ አግባብነት ያለው ብቻ ሳይሆን የሚታመን መሠረት ያለው መሆኑንም ማጣራት አለበት። ለዚህም የሚረዱ ጥያቄዎች ተዘረዘሩ፦

1ኛ/ ዘዴው ወይም መላ ምቱ ሊፈተን ይችላል? ተፈትኖስ ያውቃል? ስህተት ቢሆን ስህተትነቱ የሚታወቅበት መንገድ ከሌለ ሳይንስ አይደለም።

2ኛ/ ታትሞ በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሟል?

3ኛ/ የታወቀ ወይም ሊታወቅ የሚችል የስህተት መጠን አለው? ከመቶ ስንት ጊዜ ይሳሳታል?

4ኛ/ ሥራው የሚመራበት ወጥ ደንብና ቁጥጥር አለ? ወይስ ሁሉም እንደፈቀደው ነው የሚሠራው?

5ኛ/ በሙያው ውስጥ ምን ያህል ተቀባይነት አለው?

እንደምታዩት ፍራይ አልሞተም፤ ከዙፋኑ ወርዶ ከአምስቱ አንዱ ሆነ እንጂ። ፍርድ ቤቱ እነዚህ ጥያቄዎች መመሪያ እንጂ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ የሚሸመደዱ አይደሉም ብሏል። ትኩረቱም ባለሙያው የደረሰበት መደምደሚያ ላይ ሳይሆን የሄደበት መንገድ ላይ እንዲሆን አሳስቧል።

ፍራይ መተካቱ ላይ ዳኞቹ ሁሉ ቢስማሙም፣ ፕሬዚዳንቱ ሬንኲስት ከአንድ ሌላ ዳኛ ጋር ሆነው ስለ ጥያቄዎቹ ስጋታቸውን ጽፈዋል። ፍሬ ሐሳቡ፣ ዳኞችን አማተር ሳይንቲስት ልናደርጋቸው ነው ወይ የሚል ነበር። ስጋቱ እውነት አለው። እኛ የሕግ ተማሪዎች ብዙዎቻችን ከሒሳብ ሸሽተን ነው የመጣነው፤ አይደል? ግን ሌላው አማራጭ ምንድን ነው? ዳኛው ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?

የጉዳዩ መጨረሻ ይገርማል። መዝገቡ ወደ ታች ተመልሶ በ1995 በአዲሱ መስፈርት ሲታይ የከሳሾች ባለሙያዎች አሁንም በሩን አላለፉም። በ1983 ከገበያ ወጥቶ የነበረው የዚያው መድኃኒት ቅይጥ ደግሞ በ2013 በሌላ ስም እንደገና በአሜሪካ ተፈቀደ።

ከዳውበርት በኋላ

በ1997 የጆይነር ጉዳይ መጣ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ከሳሽ የሳንባ ካንሰር የያዘኝ በሥራ ላይ በነካኝ ኬሚካል ምክንያት ነው አለ። ባለሙያዎቹ ከተመረኮዙባቸው ነገሮች አንዱ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሚካል በተወጉ የአይጥ ግልገሎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። ፍርድ ቤቱ ከአይጧ ግልገል እስከ አዋቂው ሰውዬ ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ነው አለ። በመረጃውና በመደምደሚያው መካከል ያለውን ገደል ባለሙያው «እኔ ስላልኩ» በሚል ድልድይ ሊሻገረው አይችልም ማለት ነው።

በ1999 ደግሞ የኩምሆ ጎማ ጉዳይ ተከተለ። የመኪና ጎማ ፈንድቶ ሰው ሞተ። የጎማ ባለሙያው ጎማውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ የፋብሪካ ጉድለት ነው አለ። ጎማው ግን ጥርሱ ያለቀ፣ ሁለት ጊዜ ተበስቶ በደንብ ያልተጠገነ ነበር። ባለሙያው ሳይንቲስት ሳይሆን መሐንዲስ ነው፤ ታዲያ የዳውበርት ጥያቄ ይመለከተዋል? ፍርድ ቤቱ አዎን፣ የማንኛውም ልዩ አዋቂ ምስክርነት በዚሁ በር ያልፋል አለ።

የእነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ጭብጥ በ2000 በደንብ ቁጥር 702 ውስጥ ተካተተ። ደንቡ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ እንደገና ጠበቅ ብሏል። አሁን ማስረጃውን የሚያቀርበው ወገን፣ መስፈርቶቹ ካለመሟላታቸው ይልቅ መሟላታቸው እንደሚያመዝን ለዳኛው ማሳየት እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። ይህ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ አንዳንድ ዳኞች «ይግባና ጁሪው ይመዝነው» እያሉ በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱ ስለነበር ነው። የሁሉም ክፍላተ ሀገር ሕግ ግን አንድ አይደለም፤ ኒው ዮርክ፣ ኢሊኖይና ፔንስልቬንያ ዛሬም በፍራይ መንገድ ነው የሚሄዱት።

ጥያቄው ያልተጠየቀበት እሳት

እስካሁን ያወራሁት በአብዛኛው ስለ ካሳ ክርክር ነው። ቀጥሎ ያለው ግን የሰው ሕይወት ነው።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1991 በቴክሳስ፣ ኮርሲካና በምትባል ከተማ አንድ ቤት ተቃጠለ። ሦስት ሕፃናት ሞቱ፤ አንዷ የሁለት ዓመት ልጅ፣ ሁለቱ የአንድ ዓመት መንትዮች። አባታቸው ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም አመለጠ። በ1992 ቤቱን ሆን ብሎ አቃጥሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። በእስር ቤት «ነግሮኛል» ያለ አንድ እስረኛም መስክሮበታል። ዋናው መሠረት ግን የእሳት መርማሪዎች ቃል ነበር። የመስኮቱ መስታወት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ ወለሉ ላይ ፈሳሽ የፈሰሰ የሚመስል የቃጠሎ ቅርጽ አለ፤ ስለዚህ ነዳጅ ተደፍቷል አሉ። የተከላካይ ወገን የራሱን የእሳት ባለሙያ ለምስክርነት አላቀረበም።

እስቲ አምስቱን ጥያቄዎች እዚህ ላይ እናንሳ። የመስታወቱ ስንጥቅ የነዳጅ ምልክት ነው የሚለው ተፈትኗል? በ1991 በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ በተነሳው ሰደድ እሳት የተቃጠሉ ቤቶችን ተመራማሪዎች መረመሩ። ማንም ነዳጅ ባልደፋባቸው ቤቶች ውስጥም ያው ስንጥቅ ተገኘ። በቤተ ሙከራ ሲፈተን ደግሞ ምክንያቱ የጋለ መስታወት ላይ ድንገት ውኃ መርጨት ሆኖ ተገኘ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚያደርጉት ነገር ማለት ነው።

የወለሉ ቅርጽስ? አንድ ክፍል እየጋለ ሄዶ ከተወሰነ ነጥብ ሲደርስ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ባንዴ ቦግ ይላል። ባለሙያዎቹ ፍላሽ ኦቨር ይሉታል። ከዚያ በኋላ ወለሉም ይቃጠላል፤ ነዳጅ የተደፋበት የሚመስል ቅርጽም ይተዋል። በዚያው በ1991 በፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል መርማሪዎች አንድ ቤት አውቀው ያለ ነዳጅ ቢያቃጥሉ፣ ክፍሉ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቦግ አለ። ይህን ያህል ይፈጥናል ብለው አልጠበቁም ነበር። ታዲያ የመርማሪዎቹ ዘዴ የስህተት መጠን ስንት ነበር? ማንም ለክቶት አያውቅም። አጠቃላይ ተቀባይነትስ? በመርማሪዎቹ ዘንድ ሞልቶ! ከአንዱ ወደ አንዱ በልምድ የተላለፈ ነበርና። የሌባ ሻዩን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ዊሊንግሃም ከመገደሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ጄራልድ ኸርስት የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ የተጠቀሱት ምልክቶች ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌላቸው የሚገልጽ ሪፖርት ጻፉ። ሪፖርቱ ፍርዱን አላስቆመም። የካቲት 17 ቀን 2004 ተገደለ። በ2009 የቴክሳስ የፎረንሲክ ሳይንስ ኮሚሽን የቀጠራቸው ክሬግ ቤይለርም፣ እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው የሚለው መደምደሚያ በሳይንስ የተደገፈ አይደለም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ሰውዬው ንጹሕ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን እኔ ከዚህ ተቀምጬ ልፈርድ አልችልም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ለሞት ያበቃው «ሳይንስ» ሳይንስ አልነበረም። ቴክሳስ በ2013 ባወጣችው ሕግ፣ ሳይንሱ ከተለወጠ የተፈረደበት ሰው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት የሚጠይቅበትን መንገድ ከፍታለች። ለእሱ ግን ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል።

በሩ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ይህን ታሪክ እስካነብ ድረስ ፍራይ ጊዜው ያለፈበት፣ ዳውበርት ደግሞ መፍትሔው ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም። ነገሩ በየትኛው መስፈርት እንጠቀም የሚል ብቻ አይደለም። ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው አለ ወይ የሚለው ይብሳል።

የመድኃኒት ኩባንያ ሲከሰስ የራሱን ባለሙያ ቀጥሮ፣ የከሳሽን ባለሙያ በር ላይ ይሞግታል። ድሃ የወንጀል ተከሳሽ ግን ዐቃቤ ሕግ ያመጣውን መርማሪ በምን አቅሙ ይሞግተዋል? በሩ ላይ ተቃውሞ ካልቀረበ ደግሞ ዳኛው ብዙውን ጊዜ በራሱ ተነስቶ አይጠይቅም።

ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ ከዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ በስተቀር ማስረጃን ከአንድ የተወሰነ ሰው ጋር በከፍተኛ እርግጠኝነት ማገናኘት እንደሚችል በጥብቅ የተረጋገጠ የፎረንሲክ ዘዴ የለም አለ። በ2015 ደግሞ ኤፍ.ቢ.አይ. ባለሙያዎቹ ስለ ጸጉር ንጽጽር የሰጡትን የቀድሞ ምስክርነት መረመረ። በተከሳሽ ላይ ከተመሰከረባቸው 268 ጉዳዮች መካከል በ257ቱ ምስክርነቱ ስህተት ነበረበት። ከመቶ 96 መሆኑ ነው። የጣት አሻራ እንኳን አልተረፈም። በ2004 ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ ጋር በተያያዘ አንድ የኦሪገን ጠበቃ አሻራው መቶ በመቶ ገጥሟል ተብሎ ታሰረ። ኋላ ላይ የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ሲያረጋግጥ ተለቀቀ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ

በእኛ ችሎት ጁሪ የለም። በሩን የሚጠብቀውም ሚዛኑን የሚይዘውም ያው ዳኛ ነው። ስለዚህ «ማስረጃውን ከበር መመለስ» የሚለው ነገር እንደ አሜሪካ አያስጨንቀንም፤ ዳኛው ሰምቶ ዋጋ ሊያሳጣው ይችላልና። ግን ይህ ጥያቄዎቹን አላስፈላጊ አያደርጋቸውም፤ እንዲያውም ሁሉም ሸክም አንድ ትከሻ ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 51 ጥሩ መነሻ ይሰጠናል። የተከሳሹ ኃላፊነት አጠራጣሪ ሲሆን ፍርድ ቤቱ የልዩ አዋቂ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል። በመጨረሻው ንዑስ አንቀጽ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የሚገደደው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ እንጂ፣ ባለሙያው ከዚያ ተነስቶ በሚሰጠው ሕግ ነክ መደምደሚያ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ሐኪሙ «ሕመሙ ይህ ነው» ይበል፤ «ስለዚህ በወንጀል አይጠየቅም» የሚለው ግን የዳኛው ሥራ ነው። ይህ በጣም ብልህ ድንጋጌ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ክፍት ይቀራል። ግኝቱ «የተረጋገጠ» የሚባለው መቼ ነው? አምስቱ ጥያቄዎች የሚጠቅሙን እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአሜሪካ ውሳኔ እኛን አያስገድደንም፤ ጥሩ ጥያቄ ግን ፓስፖርት አይጠየቅም።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ ፍራይ «ባለሙያዎቹ ይቀበሉታል ወይ?» ይላል፤ ዳውበርት ደግሞ «በምን አወቁት?» ይላል። ሁለተኛው የተሻለ ጥያቄ ነው፤ ግን አፍ አውጥቶ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።

ነገ ከመካከላችን ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ዳኛ የሚሆን አለ። የሐኪም ሰርተፊኬት፣ የአሻራ ውጤት፣ የቴክኒክ ምርመራ ሪፖርት ማኅተም ተደርጎበት ጠረጴዛችን ላይ ይቀመጣል። ማኅተሙን አይተን ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ከዚያች ክፍለ ጊዜ ወዲህ ከማኅተሙ በታች ያለውን ማንበብ ጀምሬአለሁ፤ ዘዴው ምንድን ነው፣ ማን ፈተነው፣ ስንት ጊዜ ይሳሳታል እያልኩ።

ለጓደኛችንም መልሱ ይኸው፤ ሳይንስ መሆኑን የምናውቀው ሲጠየቅ የማይቆጣ መሆኑን ስናይ ነው።